ለበዓል ገበታ ወይን ጠጅ መምረጥ፦ በሐዋሳ ሙቀት፣ በየኪሱ አቅም

ሐዋሳ ላይ የበዓል ወይን የሚበላሸው ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ስለሞቀና ከበርበሬው ጋር ስለተጣላ ነው። የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው የከረመ የፈረንሳይ ወይን፣ በሥርዓቱ ቀዝቅዞ ከቀረበ የዝዋይ ወይን አይበልጥም። ዶሮ ወጥ ላይ የመጣ ኃይለኛ ድራይ (ስኳሩ እዚህ ግባ የማይባል) ቀይም የቱን ያህል ገንዘብ ቢወጣበት አፍ ላይ እሳት ይጨምራል። ስለዚህ የጠርሙሱን ስም ከመጠየቅ በፊት ሁለት ነገር ይወሰን፦ ምን ይበላል? ወይኑስ በምን ይቀዘቅዛል? በጀቱም ቢሆን ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው የሚመጣው።

1. መጀመሪያ ምግቡን ይጻፉ

የበዓሉን ምግብ በሙሉ ወረቀት ላይ ይዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ምልክት ያድርጉ፦ ምን ያህል ያቃጥላል፣ ምን ያህል ቅቤ ወይም ስብ አለው፣ ምን ያህል ይኮመጥጣል።

በርበሬና ሚጥሚጣ የሚያቃጥሉት ካፕሳይሲን በሚባል ንጥረ ነገር ምክንያት ነው። አልኮል ይህን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ከ11 በመቶው የበለጠ ምላስ ያነዳል። ታኒንም እንዲሁ ነው። ታኒን ማለት ብዙ የተፈላ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ድድና ምላስ የሚያደርቀው ነገር ሲሆን፣ በቀይ ወይን ውስጥ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ ይመጣል። ከሚጥሚጣ ጋር ሲገናኝ ይመራል። ስኳርና ቅዝቃዜ ግን ማቃጠሉን ያስታግሳሉ። ይህን ያወቀ ሰው የወይን ዝርዝር ሳያነብ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ዶሮ ወጥን እንውሰድ። የበርበሬው እሳት፣ የሽንኩርቱ ጣፋጭነትና የቅቤው ክብደት አንድ ድስት ውስጥ ናቸው። በደንብ ከተቁላላ ሽንኩርት ጎን ድራይ ወይን ሲቀርብ ከነበረው በላይ ይኮመጥጣል። ለዶሮ ወጥ የሚሆነው ሚዲየም ስዊት (መጠነኛ ጣፋጭነት ያለው) ቀይ ነው፤ አልኮሉ ከ12.5 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲቀርብም 13 ዲግሪ ገደማ ቀዝቀዝ ብሎ። የዝዋዩ አካሽያ ሚዲየም ስዊት ቀይ እዚህ ቦታውን ያገኛል። አክሱሚትም ይሆናል፣ ግን ጣፋጭነቱ ከበድ ስለሚል በትንሽ ብርጭቆና በደንብ ቀዝቅዞ ይቅረብ።

ክትፎና ጥሬ ሥጋ ላይ ታኒን ጠላት መሆኑ ይቀራል። የሥጋው ፕሮቲንና ቅቤው ታኒኑን ይዘው ያለሰልሱታል፤ ወይኑ ደግሞ በተራው አፍ ላይ የቀረውን ስብ ያጥባል። ሪፍት ቫሊ መርሎ፣ ሲራ ወይም ካበርኔ ሶቪኞን፣ አለዚያም ጉደር ይስማማል። ሚጥሚጣው በርከት ካለ ከካበርኔው ይልቅ መርሎውን ይምረጡ፤ ታኒኑ ለስለስ ያለ ነው። ለጥብስ ከክትፎው የተረፈው ይበቃል፣ የተለየ ወይን አያስፈልገውም።

ከአሞራ ገደል የመጣ ቆሮሶ ተጠብሶ በሎሚ ብቻ የሚበላ ከሆነ ድራይ ነጭ ያስፈልገዋል፦ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ፣ የአዋሽ ክሪስታል፣ ወይም ከውጭ ከሆነ የደቡብ አፍሪካ ሸናን ብላን። ከጎኑ ዳጣ ከቀረበ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዳጣው አሳውን ስለሚያሸንፈው ወይኑ ለዳጣው እንጂ ለአሳው አይመረጥም። ያኔ በደንብ የቀዘቀዘ ሚዲየም ስዊት ነጭ ያቅርቡ። ታኒን የበዛበት ቀይ ወይን ከአሳ ጋር አፍ ላይ የብረት ጣዕም ስለሚተው ይራቅ። ቆጮና ቡርሳሜ (በቅቤ የሚሠራው የሲዳማ ምግብ) የሚያቃጥል ነገር ስለሌላቸውና ቅቤያቸው ብዙ ስለሆነ ኮምጠጥ ያለ ድራይ ነጭ ቅቤውን ይቆርጠዋል።

እንጀራውም መዘንጋት የለበትም። የእንጀራ ኮምጣጣነት ከወይኑ ኮምጣጣነት ከበለጠ ወይኑ ሕይወት የሌለው የስኳር ውኃ ይመስላል። ሦስትና አራት ቀን በቦካ እንጀራ ላይ ለስላሳ ወይን ይሞታል።

በዓል ላይ ሁሉም ምግብ አንድ ትሪ ላይ ስለሚወጣ ለየምግቡ ወይን መግዛት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ሕጉ ይህ ነው፦ ወይኑ የሚመረጠው ከሁሉ በላይ ለሚያቃጥለው ምግብ ነው። ሁለት ዓይነት ይበቃል፣ አንድ ሚዲየም ስዊት፣ አንድ ድራይ። ወጥ የሚበዛበት ገበታ ከሆነ ከሦስት ጠርሙስ ሁለቱ ሚዲየም ስዊት ይሁኑ፤ ክትፎና ጥሬ ሥጋ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ከሦስት ሁለቱ ድራይ ቀይ።

2. የሚጠጣውን ሰው ይቁጠሩ

የተጠራውን ሰው ሁሉ አይቁጠሩ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ግብዣ ላይ አልኮል የማይቀምሱ ፕሮቴስታንትና ሙስሊም እንግዶች፣ ቢራ ብቻ የሚጠጡ፣ ጠጅ የሚመርጡ፣ መኪና የሚነዱና ነፍሰ ጡሮች ይኖራሉ። ከ30 እንግዳ ወይን የሚጠጣው 12 ወይም 15 ብቻ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከመጠን በላይ ገዝቶ ከመበሳጨት ያድናል።

750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ 125 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ 6 ብርጭቆ ይሞላል። 125 ሚሊ ሊትር ማለት ሁለት የቡና ስኒ ያህል ነው፤ ቀጂው ዓይኑ እንዲለምድ አንድ ጊዜ በስኒ ለክቶ ብርጭቆው ላይ የት እንደሚደርስ ይይ። ትልቅ ብርጭቆ እስከ አፉ የሚሞላ ቀጂ ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ብቻ ያወጣል፤ የበዓል ወይን የሚያልቀውም በዚህ ነው።

ከምሳ እስከ ማታ ለሚቆይ ግብዣ በሰው 3 ብርጭቆ ይያዙ። 15 ጠጪ ሲባዛ በ3፣ 45 ብርጭቆ፤ ሲካፈል ለ6፣ 7 ተኩል ጠርሙስ። ወደ 8 ያድርጉትና አንድ መጠባበቂያ ጨምሩበት፣ 9 ይሆናል። መጠባበቂያው ለጠጪ መብዛት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጠርሙስ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። ለጽዋ ማንሳት ብቻ የሚያስፈልግ ስፓርክሊንግ (አረፋ የሚያወጣ ወይን) ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር በሰው ስለሚበቃ አንድ ጠርሙስ ለ7 ሰው ይደርሳል።

3. ብሩን በጠርሙሱ ያካፍሉት

ለወይን የተመደበውን ገንዘብ ይውሰዱና በመጀመሪያ አሥር በመቶውን ለበረዶ፣ ለአምቦ ውኃና ለለስላሳ ይነጥሉ። ይህን ሳይነጥሉ ሁሉን ለጠርሙስ ማዋል የተለመደ ስህተት ነው፤ ወይኑ ይመጣል፣ የሚያቀዘቅዘው ግን የለም። የቀረውን በጠርሙስ ቁጥር ያካፍሉ። ለምሳሌ 12,000 ብር ተይዞ 1,200 ቢነጠል፣ 10,800 ለ9 ጠርሙስ 1,200 ብር ይደርሳል። ሱቅ ሲገቡ የሚያዩት የዋጋ ጣሪያ ይኸው ነው።

ጣሪያው ዝቅ ሲል አገር ውስጥ የተጠመቀውን በሙሉ ልብ ይግዙ። ሪፍት ቫሊና አካሽያ ከዝዋይ (ባቱ) ይመጣሉ፤ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የካስቴል ኩባንያ ራሱ ካለማው የወይን እርሻ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረቡ ናቸው። ጉደር፣ አክሱሚትና ክሪስታል ደግሞ ለረጅም ጊዜ የአገሩን ገበታ የያዙት የአዋሽ ወይን ጠጆች ናቸው። ከውጭ የሚገባ ጠርሙስ ዋጋ ውስጥ የመርከቡ፣ የቀረጡና የኤክሳይስ ታክሱ ድርሻ ትልቅ ነው። በአንድ የውጭ ጠርሙስ ዋጋ ላይ የሚከፈለው ሁሉ ወደ ጣዕም አይቀየርም። ርካሽ የውጭ ወይን ከመግዛት ደህና የአገር ውስጥ ወይን መግዛት ይሻላል፤ በዚህ ላይ የምናመነታበት ምክንያት የለም።

ገንዘቡ ከዚህም ካነሰ ወይኑን ማስረዘም ይቻላል፣ እንደ ነውርም አይታይ። ሁለት እጅ ድራይ ቀይ፣ አንድ እጅ ስፕራይት፣ ሁለቱም ቀዝቅዘው ከተቀላቀሉ 12 በመቶ የነበረው አልኮል ወደ 8 ይወርዳል፣ ጣፋጭነቱም በርበሬውን ያግዛል። ለነጭ ወይን ሁለት እጅ ወይን፣ አንድ እጅ አምቦ ውኃና ቀጭን የሎሚ ቁራጭ ጥሩ ነው። አክሱሚትን በስፕራይት መቀላቀል ግን ስኳር ላይ ስኳር ነው፤ በአምቦ ውኃና በሎሚ ይቅጠን። ድብልቁን አስቀድሞ በጆግ ሠርቶ ማስቀመጥ ጋዙን ስለሚያጠፋው ብርጭቆው ውስጥ ይቀላቀል።

ጣሪያው ከፍ ሲል ደግሞ ሁሉንም ጠርሙስ እኩል አያስወድዱ። ሁለት ወይም ሦስት ደህና ጠርሙስ ይግዙና መጀመሪያ ያቅርቧቸው፤ ምላስ በሚጥሚጣ ከደነዘዘ በኋላ ልዩነቱን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። በቃና ዘገሊላ አሳዳሪው ያለው ይኸንኑ ነው፤ ሰው ሁሉ መልካሙን ወይን አስቀድሞ ያቀርባል።

4. ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ድራይ ማለት ስኳሩ እዚህ ግባ የማይባል ወይን ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በሊትር እስከ 4 ግራም፣ ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ እስከ 9። ከዚያ በላይ ያለው ሚዲየም ድራይ ይባላል፤ ሚዲየም ስዊት ከ12 ግራም በላይ ሆኖ እስከ 45 ይደርሳል። 45 እና ከዚያ በላይ ስዊት ነው።

ስፓርክሊንግ ላይ ግን ቃላቱ ያሳስታሉ። ብሩት የተባለው ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር አለው፣ ኤክስትራ ድራይ ከ12 እስከ 17፣ ድራይ የተባለው ደግሞ ከ17 እስከ 32። ስለዚህ ስፓርክሊንግ ላይ ድራይ ማለት ጣፈጥ ያለ ማለት ነው። ዴሚ ሴክ ከ32 እስከ 50 ይደርሳል። ለምርቃትና ለልደት ኬክ የሚሆነው ዴሚ ሴክ ነው፤ ብሩት ከክሬም ኬክ ጋር ሲጠጣ እንደ ሎሚ ጭማቂ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ሻምፓኝ አልወድም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ ሻምፓኝ በፈረንሳይ የሻምፓኝ አውራጃ የተሠራው ብቻ ነው፤ እኛ በጅምላ ሻምፓኝ የምንለው ካቫ፣ ፕሮሴኮ ወይም ሌላ ስፓርክሊንግ ሊሆን ይችላል፤ ለጽዋ ማንሻ እነዚህ ይበቃሉ። በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለሉ አንዳንዶቹ አልኮል የሌላቸው የፍራፍሬ መጠጦች ናቸው፤ የአልኮሉን መቶኛ ሳያዩ አይግዙ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ዓመተ ምህረቱ ነው። ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት ሲሆን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 2016 የሚል ነጭ ወይን አይቶ የቅርብ ጊዜ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው በእኛ 2008 ገደማ የተለቀመ ወይን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከተጻፈው ላይ ሁልጊዜ 7 ወይም 8 ይቀንሱ። ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚባለው ለጥቂት ውድ ወይኖች የሚሠራ ነገር ነው፤ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ነጭና ሮዜ (ፈዘዝ ያለ ቀይ) ከተለቀመ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ቀዩ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ነው የሚሻለው።

5. ሱቅ ውስጥ ጠርሙሱን መመርመር

ከበዓሉ አሥር ቀን ቀደም ብለው ይግዙ። ዋዜማ ላይ ካርቶኖች ከመጋዘን ወጥተው የእግረኛ መንገድ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ምርጫውም ያልቃል። ልጅ ልኮ ማስገዛትም አይሆንም፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል።

ጠርሙሱን በእጅ ይንኩት። ሞቅ ካለ ይተዉት። መስኮት ላይ ወይም ከአምፖል ሥር ከቆመው ይልቅ ከካርቶን ውስጥ እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ። ቀጥሎ አንገቱን ይዩ፦ ጠርሙሱ ቆሞ ሳለ በቡሹና በወይኑ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ከበለጠ ወይኑ ተንኖ ወይም ፈሶ አየር ገብቶበታል። የቡሹ አናት ከጠርሙሱ አፍ በላይ ወጣ ብሎ ቆቡን ከገፋው፣ ወይም ከቆቡ ሥር የሚያጣብቅ የደረቀ ወይን ካለ፣ ወይኑ በሙቀት ተስፋፍቶ ቡሹን አስለቅቆታል። ነጭ ወይንን ብርሃን ላይ አንሥተው ይዩት፤ የገለባ ቀለም ካለው ደህና ነው፣ እንደ ጠጅ ከጠቆረ ጊዜው አልፎበታል። አቧራ ምንም አይደለም፣ ይጠረጋል።

በእጅ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ወይን ርካሽ ነው የሚለው ግምት ይቅር። የቡሽ ሽታ አያመጣም፣ ቡሽ መክፈቻም አይፈልግም፣ የተረፈውም ተመልሶ ይዘጋል። ለብዙ ሰው ድግስ ቡሽ ከሌለው ባንገዛ እንመርጣለን።

መጨረሻ ላይ ያልተከፈተ ጠርሙስ ይመልሱ እንደሆነ ይጠይቁና ደረሰኝ ይያዙ።

6. የማንኪያ ሙከራ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ግን እሱ ነው። በብዛት ከመግዛትዎ በፊት ከታሰቡት ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት አንድ አንድ ጠርሙስ ብቻ ይግዙ። ወጡን የምትሠራው እናት ወይም እህት በምታውቀው በርበሬ ትንሽ ቁሌት ትሥራ፣ በዓል ላይ በሚገባው ቅቤና ጨው ጭምር። ወይኖቹን በሚቀርቡበት ቅዝቃዜ ላይ ያድርጓቸው። ሞቅ ያለውን ከቀዘቀዘው ጋር ማወዳደር ሙከራውን ከንቱ ያደርገዋል።

አንድ ጉርሻ በቁሌቱ ያጥቅሱ፣ ይዋጡ፣ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ወይን ወስደው አፍ ውስጥ አዙረው ይዋጡ። አሁን የምላስዎን ጎንና ጉሮሮዎን ያዳምጡ። እሳቱ ከፍ ብሎ ከንፈር ድረስ ከመጣ አልኮሉ ወይም ታኒኑ በዝቷል፤ ያ ወይን ለዚህ ወጥ አይሆንም። እሳቱ ዝቅ ብሎ የኮረሪማው ሽታ ተመልሶ ከመጣ ወይኑን አግኝተውታል። ወይኑ ራሱ ውኃ ውኃ ካለ ደግሞ ኮምጣጣነት ይጎድለዋል። በየወይኑ መካከል እንጀራ ብቻ ጎርሰው ውኃ ይጠጡና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ መቅመስ ይሻላል፤ የአንዱ ሰው ምላስ ለበርበሬ የጠነከረ ሊሆን ይችላል።

7. ማጓጓዝና ማስቀመጥ

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከዝዋይ ወይም ከአዲስ አበባ ይዘው ሲመጡ ጠርሙሶቹን እግር ሥር፣ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ምሳ ለመብላት ሲቆሙ መኪናውን ጥላ ሥር ያቁሙ። በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ የመጣ ስፓርክሊንግ ቆሞ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ፤ አለዚያ ሲከፈት ግማሹ ጣሪያ ላይ ይቀራል።

ቤት ውስጥ መጥፎው ቦታ የፍሪጅ አናት ነው፤ ሞተሩ ያሞቀዋል። ሁለተኛው መጥፎ ቦታ ቆርቆሮ የተከደነ ዕቃ ቤት ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሐዋሳ ቀን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ቆርቆሮው ሥር ከዚያ ይበልጣል። ፋሲካ የሚውለውም በዚሁ ሙቀት መጨረሻ ነው። የሚሻለው አልጋ ሥር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው። ለሁለት ሳምንት ከሆነ ቡሽ ያለውን ማጋደም የግድ አይደለም፤ ከወር በላይ ከሆነ ግን ቡሹ እንዳይደርቅ ይጋደም።

8. ማቀዝቀዝ

የሚቀርቡበት መጠን ይህ ነው፦ ስፓርክሊንግ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ፣ ሚዲየም ስዊት ነጭ 8፣ ድራይ ነጭና ሮዜ ከ8 እስከ 12፣ ሚዲየም ስዊት ቀይ ከ12 እስከ 14፣ ድራይ ቀይ ከ15 እስከ 18። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚለው አባባል ከቀዝቃዛ አገር ቤቶች የመጣ ነው። የሐዋሳ የቀትር ክፍል 27 እና 28 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቀይ ወይን የአልኮሉ ሽታ አፍንጫ ይመታል። ቀዩም ይቀዝቅዝ።

ችግሩ የበዓል ዋዜማ ፍሪጅ በሥጋ መሙላቱ ነው፤ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከፍሪጁ ይልቅ ሳፋ ላይ ይተማመኑ። ከሁለት ቀን በፊት አራት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልተው ፍሪዘር ያስገቡ፤ በረዶ ስለሚያብጥ ሩቡን ባዶ ይተዉለት። ሥጋው ሳይመጣ ይህን መጨረስ አለብዎት። በበዓሉ ቀን ላስቲኩን በቢላ ቀደው በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለው በሙቀጫ ዘነዘና ይሰባብሩት፣ ሳፋ ውስጥ ይጨምሩ፣ ውኃ ይሙሉበት። ውኃው የግድ ነው፤ ደረቅ በረዶ ጠርሙሱን በጥቂት ቦታ ብቻ ይነካዋል፣ ውኃው ግን ዙሪያውን ይይዘዋል። ሁለት እፍኝ ጨው ይበትኑበት፤ ጨው በረዶውን ከዜሮ በታች ያወርደዋል። ጠርሙሶቹ እስከ አንገታቸው ይግቡ። አልፎ አልፎ በእጅ ከዞሩ 28 ዲግሪ የነበረ ነጭ ወይን በ20 እና 25 ደቂቃ ይደርሳል። ድራይ ቀይ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህ በረዶ በተራ በተራ እየገቡ ለ8 እስከ 10 ጠርሙስ ይሆናል።

በፍሪጅ ከሆነ ነጩ ወደ ሦስት ሰዓት፣ ቀዩ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ፍሪዘር 40 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ግን የስልክ ማስታወሻ ሳይሞሉ አያስገቡ፤ የተረሳ ወይን ቀዝቅዞ ሲያብጥ ቡሹን ይገፋል ወይም ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ስፓርክሊንግ ፍሪዘር ውስጥ ከቶ አይግባ።

በረዶ ከጠፋ ጠርሙሶቹን በረጠበ ፎጣ ጠቅልለው ከሐይቁ ነፋስ የሚነፍስበት ጥላ ውስጥ ያቁሟቸው፣ ፎጣው ሲደርቅ እንደገና ያርጥቡት። ውኃው ሲተን ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። ለቀይ ይረዳል፣ ለነጭ ግን አይበቃም።

ከቅዝቃዜው በኋላ ጠርሙስ ግርጌ ላይ እንደ ስኳር ወይም እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ነገር ከታየ አይደንግጡ። ከወይኑ አሲድ የረጋ የታርታር ጨው ነው፣ ጉዳት የለውም። የመጨረሻዋን ጉንጭ ጠርሙሱ ውስጥ ይተዉ።

9. መክፈትና መቅዳት

ቡሽ መክፈቻውን መሐል ላይ ተክለው ቀጥ አድርገው ያስገቡ፤ ጫፉ ቡሹን በስቶ እንዳያልፍ አንድ ዙር ሲቀር ያቁሙ። ቡሹ መሐል ላይ ከተሰበረ የቀረውን ወደ ውስጥ ገፍተው በንጹሕ የሻይ ማጥለያ ወደ ጆግ ይገልብጡት፤ ወይኑ አይበላሽም።

ስፓርክሊንግ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሽቦውን በስድስት ግማሽ ዙር ያላሉ፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አውራ ጣትዎ ከቡሹ ላይ አይነሣ። ጠርሙሱን ወደ ሰው ሳያዞሩ 45 ዲግሪ ያጋድሉ፣ ቡሹን አጥብቀው ይዘው ጠርሙሱን ያዙሩት። የሚሰማው ተኩስ ሳይሆን ትንፋሽ ሲሆን ወይኑ ሁሉ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

ከእንግዳው በፊት ጥቂት ቀድተው ያሽትቱ። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል፤ የአቸቶ ሽታ ካለው አየር ገብቶበታል፤ ስፓርክሊንግ ያልሆነ ወይን በምላስ ላይ ከተንጨረጨረ ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ፈልቷል። ሦስቱም አይጎዱም፣ ግን አይቀርቡም። መጠባበቂያው ጠርሙስ የተገዛው ለዚህ ነው።

ብርጭቆ ከበዓሉ በፊት ያለ ሳሙና በሙቅ ውኃ ይለቅለቅ። የሳሙና ቅሪት የስፓርክሊንግን አረፋ ይገድላል፣ የወጥ ቤት ፎጣ ደግሞ የሽንኩርት ሽታ ይተዋል። ብርጭቆው ከሲሶው አይለፍ።

ዕጣኑ ነገር ሁሉ ይለውጣል። ቡና ሲፈላ ጢሱ ቤቱን ከሞላ በኋላ የወይን ሽታ የሚባል አይኖርም። ደህናዎቹን ጠርሙሶች ገበታው ላይ፣ ረከቦቱ ሳይቀርብ ይጨርሱ፤ ከቡና በኋላ የሚቀርበው ቀለል ያለው ወይም በአምቦ የቀጠነው ይሁን።

ፋሲካ ሌሊት ላይ ጾም ሲገደፍ፣ ከሁለት ወር ገደማ ጾም በኋላ ባዶ ሆድ ላይ ወይን አይቀድም። መጀመሪያ ይብሉ፣ ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከጎኑም ውኃ። የሚነዳ ሰው ካለ ባጃጅ ይጠራለት።

10. የተረፈው

የተከፈተ ጠርሙስ ዕለቱን ተከድኖ ፍሪጅ ይግባ፣ ቀዩም ጭምር። ቀይና ነጭ ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ስፓርክሊንግ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ከፍሪጅ ውጭ በዚህ ሙቀት ከአንድ ቀን አያልፍም።

ለመጠጥ ያለፈው ድራይ ቀይ አዋዜ ይሆናል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ወይን፣ ቁንጥጫ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ወይኑን በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሱ ያሹት፣ ዱቄቱ እንዳይጓጉል። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት ሲያድር በርበሬው ወይኑን ይጠጣና ይወፍራል፤ ጠዋት ላይ አንድ ማንኪያ ወይን ጨምረው ያቅጥኑት፣ ለተረፈው ጥሬ ሥጋ ይደርሳል።